በመስቀል ሰሞን ወደ አዲስ አበባ

ነሐሴ 20
ዝናብ። ጭቃ። እዚሁ ቡታጅራ፣ አባባ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ስለቅም ዋልኩ። እኔ ሳስነጥስ አባባም ያስነጥሳሉ... ደንበኛ ደግሞ የለም።

ከሰዓት በኋላ መምህር ወልደማርያም፣ ድሮ ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ስሜን ዩኒቨርሲቲው ከለጠፈው ዝርዝር ላይ አይተውታል። አልፌያለሁ! ወሊሶ አክስቴ ቤት በኩራዝ ያጠናሁት ሁሉ መና አልቀረም። ምሕንድስና ነው የምማረው፣ አበቃ!

ነሐሴ 23
አባባ አልተቃወሙም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ስንት ያስወጣል? ነጋዴ አይደሉ።

መምህር አስረዷቸው። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ መኝታውም ምግቡም እዚያው። ግን ዲፕሎማ ነው። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ዲግሪ ነው፤ ለትምህርቱ አይከፈልም፣ ማደሪያ ግን ለሁሉም አይደርስም ይላሉ። አባባ ወዲያው ባሕር ዳር አሉ። አዲስ አበባ ውሃ እንኳ በገንዘብ ነው አሉ።

እኔ ግን ዲግሪውን ነው የምፈልገው። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ ሞልቶ አውቶቡስ ወዲያ ማዶ ይቀራል። በዲፕሎማ ሌላ ሰው የነደፈውን ድልድይ ማሠራት አይበቃኝም። ራሴ ልንደፈው... ይሄ ጥጋብ ነው እንዴ? ይሁና።

ጳጉሜን 2
እማዬ ብልህ ናት። መርካቶ ጨርቅ የሚሸጠውን ጋሼ ዱባለን፣ የአባባን ታናሽ ወንድም፣ አነሳች። እሱ ቤት ብታድር ምን አለበት? አለች። አባባ፣ ለመስቀል ሲመጣ እንጠይቀዋለን አሉ።

እኛ ቤት ሁሉ ነገር ለመስቀል ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ለመስቀል። የድንበሩ ጠብ ለመስቀል። እኔም ተራ ያዝኩ።

መስከረም 4
ጓደኛዬ ሰፍያ ምሕንድስና ስላት ሳቀችብኝ። ሱሪ ልትለብሺ ነው? አለችኝ። አዎ፣ ባርኔጣም ጭምር አልኳት።

መስከረም 11
ጋሼ ዱባለ ገባ! ገና ሳይቀመጥ እማዬ ጠየቀችው። እኔ በር ኋላ ቆሜ እሰማለሁ።

"የወንድሜ ልጅ ሜዳ ታድራለች እንዴ?" አለ።

እሱ ቤት አድራለሁ፣ የተገኘውን እበላለሁ፣ አምስት ኪሎ በእግሬ እመላለሳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ እጠብቅለታለሁ። አባባ ትንሽ አሰቡና፣ እንዲያማ ከሆነ ከባሕር ዳር መሳፈሪያው ይረክሳል አሉ። ዘለልኩ። ሳህን ሰበርኩ። ማንም አልተቆጣኝም።

መስከረም 13
ወይ ጉዴ። መምህር እየሮጡ መጡ። ምዝገባው ከነገ ወዲያ ያበቃል።

ጋሼ ዱባለ ሳቀ። ጉራጌው ሁሉ አገሩ ገብቶ ማንን ሊመዘግቡ ነው? ከመስቀል በኋላ አብረን እንሄዳለን አለ። አባባም እውነቱን ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህር ግን አልሳቁም። "ዱባለ፣ ዩኒቨርሲቲ የመርካቶ ሱቅ አይደለም። እናንተ ዘግታችሁ ስለመጣችሁ አይዘጋም" አሉ።

ብቻዬን አይሰዱኝም፤ የጋሼ ቤት ተቆልፏል። ማንስ ይወስደኛል? ለመስቀል ቤቱ ያልገባ ወይ ሞቷል ወይ ታስሯል ይባላል እኛ ዘንድ። አባባ ደግሞ አባወራ ናቸው፤ እሳቸው ሳይመርቁ በሬው አይታረድም።

ዓመት ልጠብቅ ማለት ነው? ቦታዬንስ ማን ያቆይልኛል? ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። በሬውን ሰደብኩት። እሱ ምን አደረገኝ...

መስከረም 14
የጎመን ክትፎ ቀን። እጄ ቅቤ በቅቤ ሆኖ፣ ፊቴ እንደተኮሳተረ፣ አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ቢላውን ለጋሼ ዱባለ ሰጡት። ዘንድሮ አንተ መርቀህ እረድ አሉት። ጋሼ ደነገጠ፤ ወዴት ሊሄዱ ነው?

"ልጄን ላስመዘግብ" አሉ።

ጋሼ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። እማዬ ጎመን ክትፎውን በኮባ ቅጠል ጠቀለለችልን። አቀፍኳት፣ ቀሚሷን ቅቤ አስነካሁት። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ሻንጣችንን አይተው፣ "ማን ሞተባችሁ?" ብለው ጠየቁን።

አውቶቡሱን የሚነዳው የሰፍያ ወንድም ጀማሉ ነው። ሰው አራግፎ ባዶውን ሊመለስ ሲል እኛን ጫነ። እኔና አባባ ብቻ! ከፊት የሚመጡት አውቶቡሶች ጢም ብለዋል፣ ይዘፍናሉ። ሲያዩን በመስኮት እየጮሁ ይስቁብናል፣ ተሳስታችኋል፣ አገራችሁ በዚህ ነው ይሉናል። እኔ እጄን አወዛውዛለሁ። አባባ በጋቢያቸው ተሸፈኑ። ከዚያ ወንዙ ጋ ስንደርስ ጋቢውን ገለጥ አድርገው፣ ድልድይሽን እዚህ ላይ ነው የምትሠሪው? ብለው ጠየቁኝ።

መስከረም 15
ተመዘገብኩ! ምሕንድስና!

የሚመዘግቡት ሰውዬ ቡታጅራ የሚለውን አነበቡና ቀና ብለው አባባን አዩ። ለመስቀል እዚህ ምን ይሠራሉ? አሏቸው።

"መስቀል ለከርሞም ይመጣል" አሉ አባባ።

መርካቶ ጭር ብሏል። የጋሼን ቤት ከፍተን ገባን። አባባ ኮባውን ፈቱ፤ ግን አልቀመሱም። ተነስተው ቆሙ። በሬ ሲታረድ የሚመርቁትን ምርቃት በጎመኑ ላይ መረቁ፤ ለቤቱ፣ ለከብቱ፣ ለዘመድ ሁሉ በየስሙ። እኔ አሜን እላለሁ። ሌላ አሜን የሚል የለም። እኔን መጨረሻ ጠሩኝ።

"ኢንጂነር ፀዳለ" አሉ።

አሜን ማለት አቃተኝ። አባባ ራሳቸው አሉልኝ።