በንፋስ መውጫ የንፋስ መግቢያ የሠሩት አቶ ይስማው ክንዱ

አቶ ይስማው ክንዱ ከአባታቸው ከአቶ ክንዱ ተክለሃይማኖትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንቱ ደስታ በ1958 ዓ.ም. ጋይንት ቤተ ልሔም ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከደብሩ ነው፤ ዘመናዊ ትምህርት ንፋስ መውጫ፣ የብረታ ብረት ሙያ ደግሞ ባሕር ዳር ተምረው በ1980 ተመለሱና መምህር ሆኑ። ብረት ስለነኩ ብቻ «ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው» ተባሉ። ያሉትም ዛሬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙት ናቸው።

በ1989 ከቁርጥራጭ ብረት ለአሻንጉሊት አውሮፕላን የምትሆን፣ ከቡጢ የማትበልጥ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሠሩ። የለፉት በአየር መግቢያዋ ላይ ነበር። የሚሽከረከረው ዘንጓ ውስጡ ክፍት ነው፤ ጎኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው። ፒስተኑ ሲወጣ ቀዳዳዋ ከካርቡሬተሩ አፍ ጋር ትገጥምና ነዳጅ የተቀላቀለበት አየር ወደ ሆዷ ይገባል። ፒስተኑ ሲወርድ ዘንጉ ዞሮ በሩን ይዘጋል፣ የገባውም ወደ ላይ ተገፍቶ ይቃጠላል። በሩ ዘግይቶ ከተዘጋ ሞተሯ የጎረሰችውን መልሳ ትተፋለች። አቶ ይስማው ይህን በር በልኩ ዘጉት፤ ለጋይንት አፍ ግን መዝጊያ አልተገኘም።

ሞተሯ በተነሣች ሰሞን የወንድማቸው የአቶ ዳምጤ ባለቤት ወይዘሮ ጌጤ በትኩሳት ወደቁ። ጠበል ሲረጩ «ይስማው በላኝ! በዚያች በምትጮኸው ብረት በላኝ!» ብለው ለፈለፉ። ሐኪም ታይፎይድ ነው አለ፤ በመድኃኒትም ዳኑ። ቃላቸውን ግን እስከ ዛሬ አልሳቡም።

የአቶ ይስማው እጮኛ የወይዘሮ ባንቺዓለም ቤተሰቦች ጋብቻው ይፍረስ አሉ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ግን «እኔ የማገባው እጁን አይቼ ነው፤ ዓይኑን እናንተ ጠብቁ» ብለው በ1990 አገቡ። በሠርጉ ዕለት ተጋባዡ ሁሉ፣ አቶ ዳምጤ ጭምር፣ የቡዳ ዓይን እንዳያርፍበት በነጠላ ተከልሎ በላ። ሙሽራው አዩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲበላ ቀና ብለው አላዩም። የገዛ ልጃቸው ዮርዳኖስ ስትጎርስ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ትተዋል። ወንድማቸውም አሉ። ተበላሁ ያሉት ወይዘሮ ጌጤም በሙሉ ጤና ከፊት ተቀምጠዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሰው ሊዘጋው በማይችል በር ያስገባልን። ከቀብር መልስ ንፍሮ ይቀርባል። በነጠላችሁ ሳትከለሉ ብሉ፤ ዓይናቸው ተከድኗል።