ቀዩ ባንዲራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የአየር ሁኔታ ስከታተል ወደብ ቢሮ ዋልኩ። የአየር ግፊቱ እንደ ትናንቱ። ወንድሜ ከጀልባው ሲወርድ፣ «እሜቴ ማዕበል! ዛሬስ አታስፈራሪንም?» ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ሳቁ። ባለፈው ወር የማዕበል ማስጠንቀቂያውን ቀይ ባንዲራ ሰቅዬ ከሥራ አስቀረኋቸው፣ ባሕሩ ግን ጸጥ ብሎ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ይኸው ሆነ። አብሬ እስቃለሁ እንጂ ያመኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ነፋስ የለም። ግን በአንዱ ማዕበልና በሚቀጥለው መሀል ቆጠርኩ... አሥራ ስድስት ሰከንድ። ትናንት ሰባት ነበር። ሩቅ ቦታ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቀድሞት ይደርሳል፣ እንዲህ እየተራራቀ። ግፊቱም እየወረደ ነው። ለአለቃዬ ነገርኩ።
አለቃዬ፣ «ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ብቻ ደግሞ መሳቂያ እንዳታደርጊን።»
ባንዲራውን አወጣሁ። መልሼ አጠፍኩት። ጠዋት አይቼ...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
አሥራ ስምንት ሰከንድ። ወንድሜ ቁርሱን ሲበላ የጀልባውን ሞተር ማስነሻ ካንዴላ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ሞተሩ እንቢ አለው። መረብ የምትሰፋዋ ጎረቤታችን ባል፣ «እኔ ልቅደም፣ ስትጨርስ ድረስብኝ» ብሎት ወጣ። ከቢሮው መስኮት አየሁት። ባንዲራው እጄ ላይ ነበር።
የሰቀልኩት ነፋሱ ከጀመረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አርብ፣ ጥቅምት 8
ውሃው የወደቡን ግንብ ዘሎ ገባ። የዓሣ ገበያው ጣሪያ የለም። መንገዳችን እስከ ጉልበት ውሃ ነው። ጎረቤቴ ያልጨረሰችውን መረብ እንደያዘች መጣች። «አንቺ ቢሮ ነሽና... የሰማሽው ነገር አለ?»
ምን ልበላት?

እሑድ፣ ጥቅምት 10
የባሏን ጀልባ ባዶውን አገኙት።
ካንዴላውን ለወንድሜ ሰጠሁት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር እንዴ? ሲያገላብጠው ቆየ።
«ለእኔ ይኼን ፈታሽ። ለሱ ጨርቅ መስቀል አቃተሽ?»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
ትናንት ለጎረቤቴ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ። ወጣሁ።
ዛሬ አሥራ አራት ሰከንድ። ግፊቱ ትንሽ ወርዷል። ማንንም ሳልጠይቅ ባንዲራውን ሰቀልኩ። አንድም ጀልባ አልወጣም። ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ዋለ፣ ባሕሩም ረጋ። ማንም አልሳቀም፤ እሜቴ ማዕበል ያለኝም የለም።
ምነው ባሉኝ።