ቀለሙ እንዳይጫር

ወንድም ጋሼ፣

ሞተሯን እንዳትነዳት። ተጠግናለች ብለህ አትታለል፤ እየገፋህ ጋራዥ ውሰዳትና ቡሎኖቿን አንድ በአንድ ይፈትሹልህ። ትናንት ሁሉንም አጥብቄያለሁ፤ ግን እኔን አትመን።

የኋላ ጎማዋ የወለቀው ስለፈጠንክ አይደለም።

የኋላ ጎማዋን ቸርኬ ሰማያዊ የቀባሁት ቀን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ መፍቻ ካስገባሁ ይጫራል ብዬ የጎማውን ማሰሪያ ዳዶ በእጄ ብቻ ነበር ያሰርኩት። ሲደርቅ ላጠብቀው ነበር። አንተ ከእህትህ ጋር ድንገት መጣህና "አንተ ሕልመኛ፣ ዛሬ ገና ሞተር አስመሰልካት!" አልከኝ። ሦስት ዓመት ደባል ሆነን አብረን ስንኖር የእጄን ሥራ ስታመሰግን የመጀመሪያህ ነው።

ደስታው ናላዬን አዞረውና ዳዶው ከሐሳቤ ጠፋ። "ደርሳለች?" ስትለኝ "ደርሳለች" አልኩ። እህትህን ከኋላህ አፈናጥጠህ ስትወጣ የግቢውን በር የከፈትኩላችሁ እኔ ነኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ "በፍጥነቱ ጉድ ሠራት" ሲልህ አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ትናንት ራት ላይ "እግሯን ያስቆረጥኳት እኔ ነኝ" ስትል እንኳ ሰሃኔ ላይ አቀርቅሬ ነበር።

አሁን ወደ ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው። ራሴ ልንገራት።
ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። መፍቻዎቹን አልወሰድኩም፤ ልብሴን ብቻ ነው የያዝኩት።

የቤቱ ቁልፍ መስኮቱ ላይ አለልህ።

አንተም ስትደርስ፣ እንደ ሰሞኑ አልጋዋ ሥር ተንበርክከህ ይቅርታ እንዳትለምናት።