በኮምጣጤ ስም የተጻፈ ዕዳ

አባዬ፣

ደብዳቤ ስለ ጤና በመጠየቅ እንደሚጀመር አስተማሪያችን በዱላ አስተምሮኛል። አንተን ግን ስለ ጤናህ ብጠይቅህ ልትስቅብኝ ነው፤ ስለዚህ ዘልዬዋለሁ። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ሰሞኑን ገባ። ፊደል ብገድፍ አትቆጣ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት በማን ጥፋት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የዳይሬክተሩን ወንበር እግር የፈታሁት እኔ ነኝ፣ እሺ። ያን ቀን ልትመታኝ ከዘራህን አንስተህ፣ ሳቅህ ቀድሞህ ደጃፍ ላይ ቁጭ ያልከው አይረሳኝም።

ቤታችን ያው ቀበሌ የሰጠን አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ብሶበታል፤ ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ይዘን እንዞራለን። እኔ አሁንም የጭነት መኪና ረዳት ነኝ። ሾፌሩ አሁንም ይሰድበኛል፣ እኔም አሁንም ጫማውን እደብቅበታለሁ።

ምራትህ ዘነበች ደህና ናት። የምራት ወግ ነውና ስምህን አሁንም አትጠራም። ሰው ከሞተ በኋላ ይቀራል ብዬ ነበር፤ እሷ እቴ! አማቷ ሎምባሞ ስለሆነ "ሎ" ብሎ የሚጀምር ነገር ሁሉ ከአፏ አይወጣም፣ በአማርኛም ቢሆን። ትዝ ይልሃል፣ ከገበያ ሎሚ አምጥቼ ይሄ ምንድን ነው ብላት፣ "ኮምጣጣው ፍሬ ነዋ፣ አንተ ጅል!" ብላ ወረወረችብኝ። አንተ ሳቅህን ልትደብቅ ፊትህን አዞርክ።

ዘንድሮ ግን ይኸው ነገር ጉድ አመጣ። በጃጁራ መውጫ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሊሸጥ ተገኘ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሺንሺቾ ከተማ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። እስከ ቅዳሜ እንዲጠብቁን ለመንናቸው፤ ከቅዳሜ ወዲያ ሌላ ገዢ አለ። ካንተ በኋላ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀምነው ልክ የቤቱን ዋጋ ያህል ነበር። የቀረን፣ ባልና ሚስት የብድር ዕዳ እንደሌለብን የሚመሰክር፣ ለውሉ የሚያስፈልገው ወረቀት ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ብድር የሚሰጠው ቢሮ ሄድን። መንገድ ላይ ዘነበችን ላስቃት ብዬ የቀበሌውን ሊቀመንበር አረማመድ ሁሉ አስመስዬ ሄድኩ፤ ወይ ፍንክች።

የተበዳሪ ሴቶች መዝገብ የሚፈለገው በባል ስም ነው። ጸሐፊው "ተስፋዬ ሎምባሞ፣ ተስፋዬ ሎምባሞ" እያለ በጣቱ ወረደ። "የለም፤ ነጻ ናችሁ" አለና ማህተሙን አነሳ። እኔ በሐሳቤ ቆርቆሮው ሥር ገብቼ እግሬን ዘርግቻለሁ። ያኔ ዘነበች ክንዴን ጨመደደችው፤ ጥፍሯ ገባ።

"ጓድ፣ አንዴ ቆይ። ኮምጣጤ የሚል ፈልግ" አለች።

ጸሐፊው እብድ መሰለችው። እኔም ግራ ገባኝ። ፈለገ፤ ተገኘ! ባል፣ ተስፋዬ ኮምጣጤ። ሚስት፣ ዘነበች ሄራሞ። የልብስ ስፌት መኪና በዱቤ ወስዳ፣ ግማሹን ከፍላ ያቆመች።

መኪናውን አውቀዋለሁ፤ ዕዳው አልቋል ብላኝ ነበር። ለካ ያኔ የመዘገባት ሰው የሌላ አገር ሰው ነው፤ ወጋችንን አያውቅም። የባልሽ አባት ማን ይባላል ሲላት መጥራት አቃታት፤ ኮምጣጣው ፍሬ እንደሚጀምረው ይጀምራል አለችው። እሱም ቸኩሎ ኮምጣጤ ብሎ ጻፈህ፤ ልትከፍል ስትሄድም የሚጠሯት በዚሁ ስም ነበር። አባዬ፣ ይህን ቀልድ እኔ ፈጥሬው ቢሆን እንዴት በኮራሁ!

ማህተሙ ግን ወደ መሳቢያው ተመለሰ። ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር ብዬ በጆሮዋ ተቆጣኋት። "እኔ" አለች። ለምን መክፈል እንዳቆመች ስጠይቃት መሬት መሬቱን እያየች ነገረችኝ። ያንተ መርፌና ኪኒን ነው። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ከሻሸመኔ የምልከው ለሳምንት እንኳን አይበቃም ነበር፤ የዱቤውን እያስቀረች ሞላችበት። "ብነግርህ ታፍራለህ ብዬ ነው" አለች። እኔ ደግሞ ለቅሶህ ላይ፣ አባቴን በገዛ ላቤ አስታመምኩት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተናግሬያለሁ። እሷ ያኔ ለለቀስተኛው ውሃ ታድል ነበር። ሰምታኛለች፤ አላጋለጠችኝም።

ጸሐፊው ስሙ እንዲስተካከል ትክክለኛውን ተናገሪ አላት። አፌን ስከፍት፣ "አንተ ዝም በል፤ ባለዕዳዋ እሷ ናት" አለኝ። ብዕሩን ከእጁ ወሰደችው። ስትበደር ፊደል አትቆጥርም ነበር፤ አሁን የመሠረተ ትምህርት ሠርቲፊኬቷ ግድግዳችን ላይ ነው። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ሎ፣ ም፣ ባ፣ ሞ ብላ አንድ በአንድ ጻፈችህ። እጅሽ እንዴት ባለጌ ነው ልላት ፈልጌ ተውኩትና ዕዳው ስንት እንደቀረ ጸሐፊውን ጠየቅሁት።

ዕዳውን ከቤቱ ገንዘብ ከፈልን፤ ወረቀቱም ማህተም ተመታበት። ለቤቱ ግን ጎደለን። መምህሩ አዘኑልን፣ ግን መንገደኛ ናቸው፤ ቅዳሜ ከፎንቆ የመጣ ነጋዴ ገዛው። አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ አስቀያሚ አድርጎታል። ቅናት እንዳይመስልህ። ነው እንጂ።

አባዬ፣ አልረሳህም ብዬ ልምልልህ ነበር፤ ግን እሱ ምኑ ይማላል? የምምልልህ ሌላ ነው። የፊታችን እሁድ ከጸሎት በኋላ ዘመድ ሁሉ እኛ ጋ ይሰበሰባል። ተነስቼ፣ አባቴን ያስታመመችው ዘነበች ሄራሞ ናት እላለሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ስሟን ከነአባቷ። ከዚያ ወዲያም አንተን ባነሳሁ ቁጥር እሷን አነሳለሁ። የኔን ነገር ስለሚያውቁ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። እስኪያምኑኝ ድረስ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ልጅህ ተስፋዬ