እህትህ በሙቀት የደረበችው ሹራብ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ እግዜር ከክፉ ይሰውርህ፤ የምትገባበት ቤት ሁሉ ሰላም ይሁንልህ። አለቃ መሆንህን ስሰማ እልል አልኩ። የአባትህ ጉልበት ተሽሎታል፤ አጥር እጠግናለሁ እያለ በመዶሻ ያደነቁረኛል።

የእህትህን ነገር ልንገርህ። እንደምታውቀው ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች፤ የካውያው ሙቀት አያስቀምጥም። ሰሞኑን ግን ወፍራም ሹራብ ደርባ መሄድ ጀመረች። "አሞሻል እንዴ?" ብላት እንባዋ መጣ። ለካ ተቆጣጣሪው ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር ወገቧን ይነካታል፣ ስለ ገላዋም ያወራል።

"ቀልድ ነው ይላል እማዬ። ሁሉም ሲስቅ እኔም እስቃለሁ።"

"ደስ ብሎሽ ነው የምትስቂው?"

"ፈርቼ ነው።"

"እንግዲያው ቀልድ አይደለም፤ ትንኮሳ ነው" አልኳት።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ሊነካት ሲጠጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "እጅህን ሰብስብ!" አለችው። እሱ ሊስቅ ሲል አጠገቧ የምትተኩሰው ትልቋ ሴትዮ "እኔንም ሁለተኛ እንዳትነካኝ!" ብላ ተነሳች። አብረው ገብተው ለድርጅቱ ባለቤት ተናገሩ። አሠሪያቸውም ሌሎቹን ሠራተኞች ለየብቻ ጠይቃ ሰውዬውን አሰናበተችው። እህትህ አሁን ደህና ናት፤ ግን ከኋላዋ ሰው ሲመጣ ዛሬም ትደነግጣለች።

ልጄ፣ አንተን ጠርጥሬ አይደለም። ያ ሰውዬም ግን እናት አለችው፤ እሷም አልጠረጠረችው ይሆናል።

ሹመትህን የበረከት ያድርግልህ፣ ሰው እፎይ የሚልብህ ያድርግህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ስትቀልድ በሥርህ ያሉት ሴቶች ከሳቁ፣ ዓይናቸውን እይልኝ።

እናትህ