ደሴ ላይ የተዘረጋው ጣሪያዬ

ሐይቅ፣ ኅዳር

ውድ ሰብለወንጌል፣

ስንት ወር ስትደውዪ ያላነሳሁት ስልኬ ተበላሽቶ እንዳይመስልሽ። አይቼ ነው የተውኩት። ስምሽ ሲመጣ ስልኩን ደፍቼ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። ይኸው አመንኩ። አሁን ግን አረፍ ብለሽ ስሚኝ፤ ወላሂ፣ የምነግርሽ እልል የሚያስብል ነው!

ሐይቅ ሳለሽ፣ የኢንሹራንስ ወኪል ሆነሽ፣ «ቤትሽንና ዕቃሽን አስገቢ» እያልሽ ስንት ጊዜ ነዘነዝሽኝ! «እኔ ቅሬ አለኝ፣ ዕድሬ ይበቃኛል» ስልሽ፣ «ቅሬ ይቀብርሻል እንጂ የስፌት መኪና አይገዛልሽም» አልሽኝ። ስቄ ፈረምኩልሽ።

አንቺ አግብተሽ ወልድያ ከገባሽ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከሐይቁ በኩል የተነሳ ነፋስ ከነበረዶው ጣሪያዬን ገነጠለው። ወራጁ በሁለቱም የስፌት መኪናዎቼ ላይ ወደቀ። የደንበኛ ጨርቅ ሁሉ ጭቃ ሆነ። ልጆቼን የማሳድገው በእነዚያ መኪናዎች መሆኑን ታውቂያለሽ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የቅሬው ለፋፊ ሐሰን ወዲያው ሰፈሩን ዞረ። በማግስቱ የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ፈንታሁን እስላም ክርስቲያኑን ይዘው ከተፍ አሉ። ከየቤቱ ቆርቆሮ ተዋጥቶ ጣሪያዬ በአንድ ቀን ተመታ። ሴቶቹ ጨርቁን በኦሞ አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው አስቀመጡልኝ። የተቀደደውን ቆርቆሮ ለዶሮ ቤት ያነሰው፣ ለአጥር የቸገረው ተካፈለው። የተሰባበሩትን መኪናዎች ሐሰን «ብረቱ ይጠቅመኛል» ብሎ ወሰዳቸው። እኔም መረቅኳቸው እንጂ ምን አውቄ!

በአምስተኛው ቀን የኢንሹራንሱ መርማሪ ከደሴ መጣ። ጣሪያውን አየ፣ የታጠፈውን ጨርቅ አየ።

«እህቴ፣ ጉዳቱ የታለ?» አለኝ።

«ቅሬው ሠራው።»

የሆነ ነገር ጽፎ ሄደ። ከወር በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ጉዳቱ ሳይታይ ንብረቱ ስለተነሳ ካሳ አይከፈልም ይላል። ሦስት ጊዜ ደሴ ተመላለስኩ። ሦስቴም «ማስረጃ» ብለው መለሱኝ።

ያኔ ነው አንቺን የረገምኩሽ። «ጓደኛዬ አታለለችኝ» አልኩ። የሰው መኪና እየለመንኩ ስሰፋ በየክሩ አንቺን አማሁ። መውለድሽን ሰምቼ እንኳ አራስ አልጠየቅኩሽም። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሽ ፈንታሁን ጉዳዩን ሰሙና ተቆጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ዝም ትያለሽ? ያበላሸነው እኛ! እኛው እናቀናዋለን። አብሽሪ!»

ሐሰን እንደገና ለፈፈ፤ «የራዚያን ቆርቆሮ የወሰደ ሁሉ ማክሰኞ ጠዋት ነቅሎ ይምጣ! የቀረ ይቀጣል!» ወይ ጉድ! ዶሮ ቤት ፈረሰ፣ አጥር ተነቀለ። ጎረቤቴ ለተብርሃን የሽንት ቤቷን ጣሪያ ተሸክማ፣ «እንዳይዘንብ ዱዓ አድርጊልኝ እንጂ አለቀልኝ» እያለች መጣች። ሐሰን መኪናዎቹን አወጣ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አልሸጣቸውም ነበር። አንድ አይሱዙ ሙሉ ቆርቆሮና ሰው ሆነን ደሴ ወጣን።

የቢሮው ዘበኛ «ይህን ጉድ የት ልታራግፉት ነው?» ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ማስረጃ አምጡ ተብለን ነው» አሉት ጋሽ ፈንታሁን፣ ረጋ ብለው።

አረንጓዴውን ቆርቆሮ በግቢያቸው ላይ በተራ በተራ ዘረጋነው። የአንዱ ሚስማር ቀዳዳ ከሌላው ገጠመ። ሰብልዬ፣ ጣሪያዬ መሬት ላይ ተኝቶ ታየ! ሥራ አስኪያጁ ወጥተው አዩና ፋይሌን አስመጡ። ውስጡ ስታስፈርሚኝ ያነሳሽው ፎቶ አለ፤ አረንጓዴው ጣሪያ፣ በረንዳው ላይ ሁለቱ መኪናዎች። ከጀርባው ደግሞ የመኪናዎቹ ቁጥር፣ በአንቺ እጅ ጽሑፍ። መርማሪው በርከክ ብሎ ከብረቱ ላይ ቁጥሩን አነበበ። አንድም ቁጥር አልተዛነፈም።

«ካሳው ይከፈላታል» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

እልልታው! ዘበኛው እንኳ አጨበጨበ። እስከ ሐይቅ ድረስ ሐሰን እየገጠመ እኛ ስንቀበል ድምፃችን ተዘጋ። ዛሬ ሁለት አዲስ መኪና ቤቴ ገብቷል። እጄን አሻሸሁ፣ ሳቅኩ፣ ደግሞ አለቀስኩ።

ያን ቀን ሁሉንም አመሰገንኩ፤ የአይሱዙውን ሾፌር ሳይቀር። ፎቶውን ያነሳችውን፣ ቁጥሩን የጻፈችውን ግን ስንት ወር በልቤ ሌባ ብያት ነበር። ለዚህ ለዚህ ኢንሹራንስም ቅሬም አይደርስልኝም፤ ራሴው ነኝ መምጣት ያለብኝ። ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ እገባለሁ። ደጅሽ ላይ አቁመሽ የልብሽ እስኪደርስ ስደቢኝ፤ አልመልስልሽም። ሲበቃሽ ልጅሽን አሳቅፊኝ።

የበደለችሽ፣
ራዚያ