የደረጃው ብረት

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017

የሚያዳልጠውን የሲሚንቶ ደረጃ ዛሬ እንጨት አልብሰን ጨረስን። እማዬ ታማ ከፎቅ ሳትወርድ ሦስት ወር አልፏታል። በያጁ መደገፊያውን ብረት ሊበይደው ሲል የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ሊጠይቋት መጡ። መታጠፊያው ላይ ቆመው ስፋቱን በክንዳቸው ለኩ።

"ይሄ ብረት ሲያስፈልግ ይፈታል?"

"ለምን ይፈታል?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የባለቤቴን አስከሬን በመስኮት ነው ያወረድነው። ሳጥኑ ደረጃው ላይ አልዞር ብሎ።"

ደሜ ፈላ። እሳቸው ወደ እማዬ ሲገቡ ግን በያጁን "ብየዳው ይቅር፣ በብሎን እሰረው" አልኩት።

ሲሄዱ እማዬ ጠራችኝ። "ጋሽ ታደሰ ስለ ደረጃው ምን አሉ?"

"አማረ አሉ።"

"ብረቱን ጠበቅ አድርጎ ይበይደው። ለኅዳር ሚካኤል እሱን ይዤ እወርዳለሁ።"